ተባርሮ ስለ ተመለሰ ሰው፤ በደሉ ምን ያህል ነው?

ባለፈው የፍልሰታ ሱባዔ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም መካከል ካለው ገጠር አንድ ጐልማሳ ወደ እኔ መጣ። «አባቴ፥ ይፍቱኝ» ብሎ ጕልበቴን ስሞ ተቀመጠ። በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ገብቶ፥ ጥቂት ወራት ፍየል ጠብቆ፥ ተይዞ በእስር ቤት ከርሞ፥ የጣቱ አሻራ ተወስዶ፥ ዳግመኛ እንዳይመለስ ተነግሮት ወደ አገሩ የተባረረ ነው። ለመንገዱ አባቱ ሁለት በሬዎች ሸጦ፥ መሬቱን በኮንትራት ለሌላ ሰጥቶ፥ የጐደለውንም በወለድ ተበድሮ ነበር። አሁን አበዳሪው በየገበያው ቀን ይጠብቃቸዋል። ጐልማሳውም «እንደ ገና ልሄድ ነው፤ የተከለከልሁትን በር ብሻገር ኀጢአት ይሆንብኛልን?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያው አልመለስሁለትም። በቅኔ ቤት ያረጀ ሰው ለጥያቄ ሁሉ መልስ ያለው ይመስለዋል፤ ይህ ጥያቄ ግን ከምሥጢር ይልቅ በሕይወትና በሞት ላይ የቆመ ነውና መቸኰልን ፈራሁ። ይህንም ጽሕፈት የጻፍሁት ለእርሱ ያዘገየሁትን መልስ ከአንባብያን ጋራ ለመመርመር ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው ነገር ብቻ አይደለም። ከኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርረው ተመለሱ። ከ2009 እስከ 2011 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ ሌላ 260 ሺሕ ያህል ሕዝብ ተባረረ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት 100 ሺሕ ያህል ሰዎች ለመመለስ እንደ ገና ተስማሙ። ልብ ያለው ሰው ከዚህ ቍጥር የሚያስተውለው ነገር አለ፤ በሩ በተዘጋ ቍጥር ሰው መሄዱን አልተወም።

እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደባልቀው ይገኛሉና አስቀድሞ መለየት ይገባል። አንደኛው፥ አገር በሩን መዝጋት ይችላልን? ሁለተኛው፥ የተዘጋውን በር ያለ ፈቃድ የገባ ሰው በደለኛ ነውን? ሦስተኛው፥ በደለኛ ከሆነ ቅጣቱ ምን ያህል ሊሆን ይገባል? ብዙ ሰው የፊተኛውን «አዎን» ካለ በኋላ የኋለኛውን ሳይመረምር የተፈረደውን ሁሉ ትክክል ነው ይላል። ስሕተቱም ከዚህ ይጀምራል።

ስለ ፊተኛው ብዙ አልከራከርም። ባለቤት በቤቱ ያዛል። የጎጃም ገበሬ ሲመሽ ደጁን የመታውን መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ ያሳድረዋል፤ ነገር ግን ማሳደሩ ቸርነቱ ነው እንጂ እንግዳው የቤቱ ጌታ ሆኖ አይደለም። መንግሥትም እንዲሁ ማን እንደ ገባ ማወቅ፥ ያልፈቀደለትንም መመለስ ይገባዋል።

ሁለተኛው ግን ምርመራ ይሻል። ሌባ ቢሰርቅ የተሰረቀው ሰው አለ፤ ነፍሰ ገዳይ ቢገድል ደሙ የሚጮኽ አለ። ተባርሮ የተመለሰ ሰው ግን ፍየል ሲጠብቅ ቢገኝ ማንን ጐዳ? የበደለው ትእዛዝን ነው እንጂ ሰውን አይደለም። ትእዛዝን መተላለፍ በደል አይደለም አልልም፤ በፈቃድ ለመሄድ ወረቀቱን ይዞ ተራውን የሚጠብቅ የጎረቤት ልጅ አለና፥ ያለ ተራው የሄደው እርሱን ሳያሳዝነው አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱ በደሎች አንድ ሚዛን ላይ አይወጡም። እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከደጅ ተባርሬ በማግሥቱ ወደዚያው ደጅ የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ውሻ ለቀውብኛል እንጂ ወንበዴ ነው ብለው ለዳኛ አልሰጡኝም። የተመለስሁት ባለቤቱን ንቄ ሳይሆን ራብ ስለ ጸናብኝ እንደ ነበረ እነርሱም ያውቁት ነበር። ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው ርቦት የሰረቀውን ሰው ሰዎች እንደማይንቁት ተናግሮ፥ ከተያዘ ግን መክፈል እንደማይቀርለት ጨምሮበታል። ሁለቱን ባንድነት መያዝ ይገባል፤ ዕዳው አይቀርለትም፤ መናቅ ግን አይገባውም።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመርመር በመጽሐፈ ነገሥት ያለውን የሳሚን ታሪክ እናስታውስ። ሳሚ የጌራ ልጅ ዳዊት በሸሸ ጊዜ ሰድቦት ነበር። ሰሎሞን ሲነግሥ ከኢየሩሳሌም እንዳይወጣ፥ የቄድሮንን ወንዝ የተሻገረ ቀን እንደሚሞት አስጠነቀቀው፤ ሳሚም እሺ ብሎ ተቀመጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት አገልጋዮቹ ወደ ጌት ኰበለሉበት። አህያውን ጭኖ ሄዶ መለሳቸው፤ ስለዚህም ተገደለ። የእርሱ መውጣት የጐልማሳችን ደግሞ መግባት ነው፤ ይሁን እንጂ የሁለቱም ነገር የተከለከለ ወሰን መሻገር ነው። የዚያ ፍርድ ሰሙ ወንዝ መሻገሩ ነው፤ ወርቁ ግን የጥንቱ ስድብ ነው። ንጉሡም ሲፈርድ በአባቱ ላይ የተሠራውን ክፋት አንሥቶ ነገረው እንጂ አልሸሸገውም።

ዛሬም ወሰን ስለ ተሻገረ ሰው ከባድ ቅጣት ሲወሰን ባየን ጊዜ፥ ከሰሙ በታች ምን ወርቅ አለ ብለን መጠየቅ ይገባናል። በአሜሪካ በ1921 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1929) በወጣው ሕግ ተባርሮ የተመለሰ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እንዲታሰር ተወሰነ። ሕጉን ያራመደው ሴናተር ኮልማን ብሊዝ ጥቁሮችን በመጥላት የታወቀ ሰው ነበር። ሕጉ በ1944 ዓ.ም. ታድሶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ቀድሞ ከባድ ወንጀል ያለበት ሰው ሲመለስ ቢያዝ እስከ 20 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በኔቫዳ የሚገኙ አንዲት ፌዴራል ዳኛ ሕጉ ከዘር ጥላቻ የተወለደ ስለ ሆነ አይጸናም ብለው ፈረዱ፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዳቸውን ሻረው። ብሪታንያም በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ የመባረር ትእዛዝ ተላልፎ የገባውን ሰው ቅጣት እስከ አምስት ዓመት አደረሰችው። የእነዚህን አገሮች ሕግ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም። ነገር ግን የሚቀጣው መሻገሩ ነው ወይስ ድኽነቱና ቀለሙ ነው የሚለው ጥያቄ ለዳኛ ሁሉ የሚቀርብ ነው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በሰብአዊ መብት ላይ የሚሠራው ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያንን በመቶ የሚቈጠሩ እንደ ገደሉ ገለጠ፤ መንግሥቱም ክሱን አልተቀበለውም። ሳሚ እንኳ ዳኛ ፊት ቆሞ፥ ማስጠንቀቂያውን መስማቱ ተጠይቆ ሞተ። በበረሓ ተራራ ላይ የሚተኰስ ጥይት ግን ፊተኛ ገቢ ይሁን ዳግመኛ ገቢ፥ ሴት ትሁን ሕፃን አይጠይቅም። አዳምም ከገነት በወጣ ጊዜ በደጅ ላይ ኪሩብ ቆመ፤ የቆመው ግን መንገዱን ሊጠብቅ ነው እንጂ አዳምን ሊያሳድድ አልነበረም። በር ጠባቂ መሆን ሌላ ነው፥ ገዳይ መሆን ሌላ ነው።

ቅጣት ሰውን ከመንገዱ ይመልሰዋልን? ጐልማሳውን ያየ ይፈርድ። መባረር ዕዳውን አልከፈለለትም። እስራቱም የተሸጡትን በሬዎች አልመለሰም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ገበያውንና መንገዱን አውኮታል፤ ወደ ሱዳን የነበረውም የሥራ መንገድ በዚያው ዓመት በተነሣው የሱዳን ጦርነት ተበላሸ። በኋላው አበዳሪ፥ በፊቱ እስር ቤት ያለበት ሰው ሩቅ ያለውን ፍርሃት ትቶ ቅርብ ያለውን ይሸሻል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይነካ ቅጣቱን ብቻ የሚያከብድ ሕግ ደላላውን ያበለጽገዋል እንጂ መንገደኛውን አያስቀረውም፤ ወሰኑ በጠበበ መጠን የደላላው ዋጋ ይወደዳልና። ኅዳር 1993 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው ስለ ስደተኞች ማሻገር የሚናገረው ስምምነት አሻጋሪው እንዲቀጣ፥ የተሻገረው ግን ስለ መሻገሩ በዚያ ስምምነት እንዳይከሰስ ማድረጉ ይህን ልዩነት አይቶ ነው። የአገራችንም የ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 1178 ክንዱን ያነሣው በነጋዴውና በአሻጋሪው ላይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የሰውን አገር ዳኛ ስንወቅስ የእኛን ደጅ አንርሳ። ልጁ ከጅዳ ገንዘብ ሲልክ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ የተቀበልን፥ በድግሱም ላይ ያመሰገንነው እኛ ነን፤ በምን መንገድ እንደ ሄደ ግን አልጠየቅነውም። ባዶ እጁን በተመለሰ ጊዜ «ሌላው ቤት ሠራ፥ አንተ ምን አመጣህ?» ያለው ጎረቤት ከድንበር ጠባቂው ቀድሞ ወደ በረሓ ገፍቶታል። አበዳሪውም በወለዱ ገፍቶታል። እኔም በዝምታዬ ከእነርሱ ጋራ ነበርሁ።

ለጐልማሳው በመጨረሻ እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፥ ወሰን መሻገርህ እንደ ስርቆት ወይም እንደ ግድያ ያለ ኀጢአት ነው ብዬ ንስሓ አልጥልብህም። ነገር ግን ሕይወትህ የአንተ ብቻ አይደለችም፤ ለሞት አሳልፈህ እንድትሰጣት አልባርክህም። አንተን እባርካለሁ፥ መንገዱን አልባርክም።» እርሱም አቀርቅሮ «አባቴ፥ ዕዳውስ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ቃል ከትምህርቴ አላገኘሁም። በማግሥቱ ግን ዘንጌን ይዤ ወደ አበዳሪው ሄድሁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ ወለዱን ትቶ ዋናውን እስከ መጪው መኸር ሊታገሥ ተስማማ። ጐልማሳውም እስከዚያ ድረስ እቈያለሁ ብሏል። ከመኸሩ በኋላ የሚያደርገውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ካህናት ሆይ፥ እናንተም የከተማ ሊቃውንት፥ የሌላውን አገር ሕግ መለወጥ አይቻለን ይሆናል። በየአጥቢያችን ተባርሮ የተመለሰውን ሰው ግን ማን ነው፥ ለማን ዕዳ አለበት ብለን መጠየቅ እንችላለን። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ ለከተማችን እንዲገባ፥ ከዚያ የሚነሣው ሰው በሰላም የሚሄድበትን ወይም በሰላም የሚቀመጥበትን መንገድ መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው።