ስለ አንድ የቀረ ጉዞ

ለመሆኑ፣ ይመጣል የተባለ ነገር ግን መምጣቱ ያልተረጋገጠ አደጋ ከፊቱ የተደቀነበት ሰው ያሰበውን ጉዞ ቢተው ጠንቃቃ ነው ወይስ ፈሪ? ቢሄድስ ደፋር ነው ወይስ ግድ የለሽ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው። ጓዙን ሸክፎ የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ በልቡ የሚያወጣው የሚያወርደው ተራ ጉዳይ በመሆኑ የፍልስፍና ያለህ የሚያሰኝ አይመስልም። እኔም እስከ 2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ድረስ ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበረኝም።

ውቤ በረሃ፣ የደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድን ስም የያዘው የአራዳ ሠፈር፣ በሌላው ሰው አእምሮ ውስጥ የቀረው በጥንቱ የሌሊት ሕይወቱ፣ በጠጁና በአዝማሪው ነው። ተወልጄ ላደግሁበት ለእኔ ግን ሠፈሩ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ዕድሩ፣ ዕቁቡና ማኅበሩ ነው። እናቴ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነበረች፤ ስታርፍ ቦታዋን እኔ ወረስሁ። ማኅበሩ በየዓመቱ ለታኅሣሥ 19 አንድ አነስተኛ አውቶቡስ ተከራይቶ ወደ ቁልቢ ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ከማኅበርተኞቻችን ብዙዎቹ በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉት የኮንዶሚኒየም ቤቶች ተበተኑ፤ ጽዋው ግን ተራውን ጠብቆ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ጭቃ ቤት፣ ከጭቃ ቤት ወደ አራተኛ ፎቅ መዞሩን አላቋረጠም።

ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ በአዳማ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ የሐረርጌን ደጋ ይወጣል። የስምጥ ሸለቆን ወለል አቋርጦ ነው የሚሄደው ማለት ነው። ያ ወለል ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስከረም 26 ቀን ምሽት የተከሠተው ንዝረት እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ከዚያ ረገብ ብሎ ሰነበተና በታኅሣሥ ሁለተኛው ሳምንት እንደገና አገረሸ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። በአሮጌው ሠፈር በጭቃ ቤት የቀረነው ሰዎች አብዛኛውን ንዝረት ሳንሰማው ሲያልፍ፣ ወደ ፎቅ የወጡት ጎረቤቶቻችን ግን የመብራቱ አምፖል ሲወዛወዝ፣ የቁም ሣጥኑ በር ራሱን በራሱ ሲከፍት እያዩ ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃ ለደረጃ ይሮጡ ነበር። ከሩቅ የሚመጣ ዝግ ያለ ሞገድ ከዝቅተኛው ቤት ይልቅ ረጅሙን ሕንፃ እንደሚያወዛውዝ የምሕንድስና ባለሙያዎች ያውቁታል። እኛ ግን በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ያወቅነው በጠብ ነው፤ አንዱ ወገን ሌላውን «የምን ማጋነን ነው?» ሲል፣ ሌላው ደግሞ «እናንተ ምን አለባችሁ!» ይል ነበር።

ታኅሣሥ 15 ቀን የማኅበሩ ሙሴ ነገሩን ለጉባኤ አቀረቡት። እንሂድ ወይስ እንቅር? ጥቂት ክርክር ከተደረገ በኋላ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የቀመሰ፣ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ስለ መሬት ውስጥም ያውቃል ተብሎ ይታመናል። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ እምነት ደስ አሰኘኝ። ቴአትር ጸሐፊ ነኝና ዝም ያለ ጉባኤ ፊት መናገር እወዳለሁ።

የዩኒቨርሲቲውን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የመሩት ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ጽፈው በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙ ነገርኋቸው። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አዲስ አበባ ራሷ ክፉኛ እንደተናወጠች፣ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ በተከታታይ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ እንደፈረሰች፣ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ ሰርዶ የምትባለው የአፋር ከተማ እንደወደመችና ሰው እንደሞተባት ዘረዘርሁ። በመጨረሻም፣ ገብርኤል በሐምሌም ይነግሣል፤ ሰባት ወር መታገሥ ኃጢአት አይሆንም ብዬ ደመደምሁ። ንግግሩ ያማረ ነበር። ጉዞው ቀረ።

ሲበተኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በር ላይ ጠበቁኝ። የልጅ ልጃቸው ከጽኑ ሕመም ቢድን ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ሊያገቡ ተስለው ነበር። ልጁ ዳነ፤ ጥላው ተገዛ። በጉባኤው ላይ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ በምናልፍበት ቀን መሬቱ እንደሚናወጥ መጽሐፉ ይናገራል?»

«አይናገርም፣ እትዬ።»

«አለመናወጡንስ?»

«እርሱንም አይናገርም።»

«እንግዲያማ…» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ። እኔም ፈገግ ብዬ ሸኘኋቸው።

የሆነው ይህ ነው። ታኅሣሥ 19 ተከበረ፤ ከሠፈራችን በሌላ መኪና የሄዱ ምእመናን በሰላም ደርሰው ተመለሱ። ስማችን ፈሪ ተባለ። ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን ከዶፈን ተራራ ሥር እንፋሎትና አቧራ ሲትጎለጎል ታየ። በማግሥቱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የተለያዩ ተቋማት ከ5.5 እስከ 5.8 ብለው የለኩት መንቀጥቀጥ ከተማችንን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። በዚያን ጊዜ ስማችን ተለወጠ፤ «እሰይ ቀረን! ይህ ሰው ባይናገር ኖሮ!» ተባለ። ሙሴያችን ሳይቀሩ ደውለው መረቁኝ።

አንባቢ ያስተውል። ፈሪ ተብዬ የተሰደብሁትም፣ አዋቂ ተብዬ የተመረቅሁትም ያለ ምክንያት ነው። ማኅበራችን ሄዶ ቢሆን ኖሮ ታኅሣሥ 20 ወይም 21 ቤቱ ይገባ ነበር፤ የታኅሣሥ 26ቱ መንቀጥቀጥ እንደማንኛውም አዲስ አበቤ በየአልጋው ላይ ያገኘው ነበር። ያ ሌሊት የእኔን ትክክለኛነት በምንም አላረጋገጠም። ሰው ግን ውሳኔን የሚመዝነው ከውሳኔው በኋላ በሆነው ነገር ነው። እኛ የቴአትር ሰዎች ይህን ልማድ አባብሰነዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ተመልካቹ መጨረሻውን አውቆ ወደ ኋላ እየተመለከተ እንዲፈርድ እናደርገዋለንና። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ አቡነ ጴጥሮስ በጻፈው ተውኔት አርእስት ላይ «ያቺን ሰዓት» ማለቱን ሁልጊዜ አደንቃለሁ። ፍርድ የሚገባው በዚያች ሰዓት ለታወቀው ነገር ነው።

በውቅያኖስ ማዶ በካሪቢያን ባሕር ሁለት ደሴቶች አሉ፤ ሁለቱም በፈረንሳይ ሥር ናቸው። በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ ተራራ ለሳምንታት አመድ ሲተፋ ከሰነበተ በኋላ የሳን ፒየር ከተማ ሕዝብ ከቦታው እንዲነሣ ሳይደረግ ቀረ። እንዲያውም ገዥው ሕዝቡን ለማረጋጋት ሚስቱን ይዞ ወደ ከተማዋ ገባ። በ1902 እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን ተራራው ፈነዳና 28 ሺህ ያህል ሰው፣ ገዥውም ከነሚስቱ፣ አለቀ። ከ74 ዓመታት በኋላ በጎረቤቷ በጓዴሉፕ ሱፍሪየር የተባለው ተራራ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ባለሥልጣኖቹ ያንን በማስታወስ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ለወራት ከቤቱ አስነሡ። የተፈራው ፍንዳታ ግን አልመጣም። ሰብሉ፣ ንግዱ፣ ትምህርቱ ተጎዳ፤ የአገሪቱ ሳይንቲስቶችም በአደባባይ ተዘላለፉ። የመጀመሪያው ገዥ ወንጀለኛ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ሞኞች ተባሉ። ተራራዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ግን ሁሉም አያውቁም ነበር።

በዚያው ባሕር ላይ ሃሪኬን የሚሉት ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲነሣ፣ ሳተላይት ከቀናት በፊት አይቶት አቅጣጫውን ይከተለዋል። መንገደኛው ትኬቱን ይለውጣል፤ ባለ ሆቴሉ መስኮቱን በጣውላ ይመታል። መሬት ግን ቀጠሮ አትሰጥም። ሳይንስ የሚሰጠን «በዚህ አካባቢ ይህ ሊሆን ይችላል» የሚለውን ብቻ ነው፤ ቀኑንና ሰዓቱን አይነግረንም። ስለዚህ የእኛ ውሳኔ ከእነርሱ የከበደ ነው ብዬ በጉባኤው ላይ ተናግሬ ነበር። ልክ ነበርሁ። ልክ ያልነበርሁት በሌላ ነገር ነው።

የጉዞውን መቅረት ለሹፌሩ እንድነግረው የተላክሁት እኔ ነበርሁ። ቀብዱን ሊመልስልኝ ኪሱ ሲገባ፣ «ለአንተም ሕይወት አስበን ነው» አልሁት። ወጣት ነው፤ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ነገም በዚያው መንገድ ድሬዳዋ ጭነት አለብኝ። እስከ ዛሬ በሳምንት ሁለቴ ስመላለስበት ማን አሰበልኝ?»

በቁጣ የተናገረው አልነበረም። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የጥያቄዬ ሁሉ መሠረት ተናጋ። ጉዞን መለወጥ መቻል ራሱ ሀብት ነው። የሚለወጥ ዕቅድ ያለው ሰው፣ ያለ ጉዞው መኖር የሚችል ሰው ነው። መተሐራ ላይ ሽንኩርት የሚሸጠው፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ግመሉን የሚጠብቀው አፋር፣ በከሰም የስኳር ልማት የሚሠራው ላብ አደር «ልቅር ወይስ ልሂድ?» ሲል ጥያቄው የእኛ ግልባጭ ነው። እኛ ወደ አደጋው ልንሄድ ነበር የምንከራከረው፤ እርሱ ከቤቱ ሊወጣ ነው። በዚያ ሰሞን 80 ሺህ ያህል ሰው በስጋት ቀጣናው ውስጥ እንደሚኖር፣ ይበልጥ የተጋለጡትም ወደ ሌላ ሥፍራ በመዛወር ላይ እንደሆኑ መንግሥት ሲያስታውቅ፣ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ነገር ለማሰብ ሞከርሁ። ከብቱን ማን ይጠብቃል? የታመመችውን እናት ማን ይሸከማል? መሬቷ ብትረጋስ፣ ቀድሞ የተመለሰው ነው ብልሁ ወይስ የቆየው? የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ በዚያው አካባቢ ሲደርስ፣ «ነገሩ በርዷል» ብለን ወሬውን ትተነው ነበር።

ወደ ራሴ ልመለስ። ጉዞው ይቅር ማለቴ ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬም ያው ሁኔታ ቢደገም ያንኑ እል ይሆናል። በአውቶቡሱ ውስጥ ሕፃናት ነበሩ፤ ሕፃን ደግሞ ለራሱ አይወስንም። አቡነ ጴጥሮስ በዚያች ሰዓት በአደባባይ የሰጡት የራሳቸውን ሕይወት ነው፤ በጀርባቸው ላይ አምስት ሕፃናት ታዝለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። «እኔ አልፈራም» የሚል ሰው አብሮት የሚሄደውን ሁሉ ደፋር እያደረገ መሆኑን ማወቅ አለበት። ይህን ግማሽ እውነት በደንብ አውቀው ነበር። ሌላውን ግማሽ ግን አላስተዋልሁትም፤ «እኔ እፈራለሁ» የሚልም እንደዚሁ በሌላው ስም እየፈራ ነው። ጥንቃቄ ዋጋ የማያስከፍል፣ የማንንም እጅ የማያጎድል በጎ ነገር አድርጌ ነበር የቆጠርሁት። ለመሆኑ ያን ቀን ያስከፈልሁት ዋጋ ምን ነበር? ማንስ ከፈለው? አልጠየቅሁም። ዕውቀቴን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ «እትዬ፣ ለእርስዎ ይህ ጉዞ ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃ ትንፋሽ ቀርቶኝ ነበር።

በር ላይ የጠየቁኝን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ያልተማሩ ሴት ናቸው ብዬ የናቅሁት ያ ሁለት ጥያቄ፣ ስለ ሳይንስ ወሰን እኔ በጉባኤው ላይ ከተናገርሁት ሁሉ የጠራ ነበር። መናወጡንም አለመናወጡንም መጽሐፉ ካልተናገረ፣ የቀረው የሚመዘነው ሰው ምን ሊያጣ እንደሚችል ነው፤ ያን ደግሞ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ። ሰባት ወር ለአርባ አምስት ዓመት ሰው አጭር ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው በሌላ መስፈሪያ ይሰፍረዋል።

በግንቦት አረፉ። የመሬት መንቀጥቀጥ አይደለም፤ ደም ብዛት ነው። ለሰልስቱ ስሄድ ልጃቸው ከአልጋው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለውን ጥላ አውጥታ ሰጠችኝ። «እማዬ ለጋሼ ስጡልኝ ብላለች፤ እርሱ ያውቃል ብላለች» አለችኝ። ተቀየሙኝ ወይስ አመኑኝ? ከዚህ ቃል ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም፤ ልጃቸውንም አልጠየቅኋትም።

ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ለሚውለው በዓል ማኅበሩ ጉዞውን እንደገና አሰበ። ጉባኤው ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ሁሉም በየተራ ተናገረ። ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ቀሩ፤ የሌላው ማንም አልተቆጣቸውም። እኔ በመጨረሻ ተናገርሁ፤ ያልሁትም «እኔ እሄዳለሁ» ብቻ ነው። ያው ሹፌር ነበር የወሰደን። የበሰቃን ሐይቅ ስንሻገርና ፈንታሌ በስተግራችን ብቅ ሲል በአውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ሹፌሩ የካሴቱን መዝሙር ዝቅ አድርጎ በመስታወቱ ተመለከተኝና፣ «ጋሼ፣ እዚያ ጥግ ላይ ያለው ጥላ እንዳይወድቅ ያዙት» አለኝ። ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝሁት።