ማተብና ባለ ማተቡ



በደቡብ ጎንደር፣ በጉማራ ወንዝ አካባቢ፣ ወንዛዬ የሚባል ፍል ውሃ አለ። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ወገቡ የደከመ ሁሉ ስንቁን ቋጥሮ ፈውስ ፍለጋ ወደዚያ ይወርዳል። ገበሬው ጋቢውን፣ ነጋዴው ኮቱን፣ ተማሪው ሸሚዙን አውልቆ ከውሃው ሲገባ ማን ባለጸጋ፣ ማን ድኻ እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ልብስ ሁሉ ሲወልቅ ግን አንድ ነገር ሳይወልቅ ይቀራል፤ ይኸውም በክርስቲያኑ አንገት ላይ የታሰረው ማተብ ነው።

ሰው ሁሉን አውልቆ ይህን ብቻ የሚያስቀር ከሆነ፣ «ማንነቴ ይህ ነው» ማለቱ ነው። እንግዲህ ከዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። አንገታችን ስለ እኛ የሚናገረውና ኑሮአችን ስለ እኛ የሚናገረው የተለያዩ ቢሆኑ ምን ማድረግ ይገባናል?

ማተብ ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በአንድ አገርና በአንድ ልማድ ላደግነው ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእኛም አንዱ ክር፣ አንዱ መስቀል፣ ሌላው የእመቤታችንን ሜዳልያ በአንገቱ ያጠልቃል። ሕዝባችን ይህን ምልክት የእምነት መታወቂያ ብቻ አድርጎ አልተመለከተውም። ቃሉን የሚጠብቀውን ሰው «ባለ ማተብ ነው» ይለዋል፤ የማይታመነውን «ማተብ የለውም» ይለዋል፤ የካደውን ደግሞ «ማተቡን በጠሰ» ይለዋል። በቋንቋችን ሃይማኖትና ታማኝነት በአንድ ክር ታስረዋል ማለት ነው።

ይህ የቋንቋ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በገበያ ውስጥ የሚሠራ ነገር ነው። የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዙ የታወቀ ነው፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያና መሸጫ ከተማ ሆናለች። አንዲት እናት ለልጆችዋ ቀለብ ልትሸምት ወደ ገበያ ወረደች እንበል። ነጋዴውን አታውቀውም፤ የጆንያውንም ሥር ገልብጣ ማየት አትችልም። ነገር ግን በአንገቱ ላይ ያለውን ክር አየች፤ «ይህስ እግዚአብሔርን ይፈራል» ብላ ገንዘብዋን ሰጠች። ጆንያው ከላይ ያማረ፣ ከሥሩ ግን ድንጋይና ገለባ የተቀላቀለበት ሆኖ ቢገኝ የተሰረቀው ገንዘብዋ ብቻ ነውን? አይደለም። እምነትዋም ተሰርቋል። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ቦታ በቅን ልብ የምትሸጠው ሌላ ባለ ማተብ ሴት ሳትበድል ትጠረጠራለች። ማተብ በአንድ ሰው አንገት ላይ ይንጠልጠል እንጂ መታመኑ የማኅበሩ ሁሉ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲያጎድለው ለሁሉ ይጎድላል።

በእርሻም እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ጎርፉ የድንበሩን ምልክት ቢወስደው፣ በመስከረም ድንበሩን የሚያስታውሰው የባለ መሬቱ ኅሊና ነው። ዳኛ በሌለበት፣ ምስክር በማይገኝበት በዚያ ሰዓት ጥቂት ክንድ ገፋ አድርጎ የሚያርስ ክርስቲያን፣ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስለሚያቀርበው ጸሎት ምን ይባል?

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣቶች በቅንነት የሚያቀርቡትን ሐሳብ ማዳመጥ ይገባናል። «ኑሮዬ ከማተቤ ጋር አልተስማማም፤ ይዤው ከምዋሽ በጥሼው እውነተኛ ብሆን አይሻልምን?» ይላሉ። ይህን የሚል ወጣት ሊናቅ አይገባውም፤ ግብዝነትን መጥላቱ መልካም ነውና። ጌታችንም የሕግ ቃል የተጻፈበትን ክታብ እያሰፉ፣ የልብሳቸውን ዘርፍ እያስረዘሙ ለሰው ዓይን የሚኖሩትን በብርቱ ነቅፏቸዋል፤ ቅጠል ብቻ ለብሳ ፍሬ ያልተገኘባትን በለስም ረግሟታል።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ አንድ ስሕተት አለበት፤ ማተብን የብቃት ምስክር ወረቀት አድርጎ መቁጠሩ ነው። ማተብ «እኔ ጻድቅ ሆኛለሁ» አይልም፤ «እኔ ቃል ገብቻለሁ፣ ባለ ዕዳ ነኝ» ይላል። ባለ ዕዳ መክፈል ስላቃተው ሰነዱን ቢቀድደው ዕዳው ይቀራልን? ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንደምታስተምረን በምሥጢረ ጥምቀት በነፍሳችን ላይ የማይፋቅ ማኅተም ታትሟል። ክሩን መቀስ ይቆርጠዋል፤ ማኅተሙን ግን የሚቆርጥ መቀስ የለም።

ግብዝ ማለትስ ማን ነው? በኃጢአት የወደቀ ሁሉ ግብዝ አይደለም፤ እንዲህ ቢሆን ከእኛ ማን ያመልጣል? ግብዝ ማለት ውድቀቱን በምልክቱ የሚሸፍን ሰው ነው። የወደቀው ክርስቲያን ማተቡን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፤ ግብዙ ግን ማተቡን ይዞ ወደ ገበያ ይሄዳል። አንዱን ምልክቱ ይወቅሰዋል፤ ሌላውን ምልክቱ ይደብቀዋል።

ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። በሕንድ አገር ቪሽኑን የሚያመልኩ ሰዎች ቱልሲ ከምትባለው ተክል እንጨት የተሠራ ዶቃ በአንገታቸው ያስራሉ፤ በግንባራቸውም ላይ ምልክት ይቀባሉ። ይህን ምልክት የያዘ ደቀ መዝሙር ኑሮው እንደ ምልክቱ እንዲሆን ይጠበቅበታል። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው መግለጫ በሌሎች ሃይማኖቶች ያለውን እውነትና ቅድስና ቤተ ክርስቲያን እንደማትንቅ አስታውቋል። ጌታን ያላወቀ ሰው ለአንገት ዶቃው ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ በክርስቶስ ደም የተገዛን እኛማ ምን ያህል ልንጨነቅ ይገባናል!

በአገራችን ይህን ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ አባት አለን፤ እርሱም ብፁዕ ገብረ ሚካኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልዶ በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሰ። በዘመኑ የምንኵስና ልብስና የምንኵስና ኑሮ ተራርቀው በማየቱ አዘነ። ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩለት፤ ቆቡን ጥሎ መሄድ ወይም ቆቡን ደፍቶ ዝም ማለት። እርሱ ግን ሦስተኛውን መረጠ፤ ቆቡን እንደ ደፋ፣ ቆቡ ከእርሱ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከገዳም ወደ ገዳም እየሄደ መጻሕፍትን መረመረ። ይህ ፍለጋ ወደ ጎንደር፣ ኋላም ወደ ግብፅና ወደ ሮም ወሰደው። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ ማለትም አባቶቻችን አቡነ ያዕቆብ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1851 ካህን አድርጎ ሾመው። በኋላም ታስሮ ያመነበትን እንዲክድ ሲጠየቅ እንቢ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በእስራቱ እንዳለ ዐረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሙት። ይህን የምናነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ አንድ ሰው የለበሰውን ምልክት ከልቡ ቢጠይቀው እስከ ምን እንደሚያደርሰው ለማሳየት ነው እንጂ።

በተለይ እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን አስተውሉ። ልጆች የምታስተምሩትን ቃል ይረሱት ይሆናል፤ በሽምግልና ተቀምጣችሁ ለዘመድ ማድላታችሁን ወይም አለማድላታችሁን ግን አይረሱትም። የእናንተ ማተብ ለእነርሱ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ አንድ ቀላል ልማድ እንያዝ። ማታ ከመተኛታችን በፊት እጃችንን በማተባችን ላይ አድርገን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ዛሬ በዚህ ምክንያት ያመነኝ ማን ነው? እምነቱን ጠበቅሁለትን? ካልጠበቅሁለት ነገ ምን እመልስለታለሁ? ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ማዘኑን ብቻ አልተናገረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ አድርጎ ለመመለስ ቃል ገባ። የጎደለው መስፈሪያ ሳይሞላ፣ የተገፋው ድንበር ሳይመለስ ንስሐችን ሙሉ አይሆንም።

ወደ ወንዛዬ የሚወርድ ሰው ልብሱን አውልቆ ታጥቦ ይመለሳል። አንድ ቀን ግን እያንዳንዳችንን ሌሎች ያጥቡናል፤ ያን ጊዜ ልብሳችንም ሀብታችንም ይቀራል። በአንገታችን ላይ የሚያገኙት ክር በሕይወታችን የመሰከርነውን የሚመሰክር እንጂ የሚከስሰን እንዳይሆን እግዚአብሔር አምላካችን በቸርነቱ ይርዳን። አሜን።