የአያት ፊት በዳሱ ጥግ

አንዲት እናት የሠርጓን ቪዲዮ ካሴት ለሁለት ልጆቿ ሰጠችና «ዴኩ ሳይበላው ወደ ኮምፒውተር አስገቡልኝ» አለቻቸው። ዓመታት ቁምሳጥን ውስጥ የኖረ የቪኤችኤስ ካሴት ነው። ወንድማማቾቹ ተራ በተራ ገለበጡት።

ታላቁ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አየ፤ ምስሉ ፈዘዘበት። ኮንትራስቱን ጨመረ፣ ጥቁሩን አወረደ። የሙሽራዋ ቀሚስ ቦግ አለ፣ ቀለሙ ሁሉ ደመቀ። «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ቀዳው።

ታናሹ ግን መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር አየው። ሙሽራዋ በቀትር ፀሐይ ከቤት ስትወጣ ነጭ ልብሷ ከሁሉ በላይ የሚያበራበትን ቦታ ያዘ። ማታ ዳሱ ውስጥ አንድ አምፖል ብቻ ሲበራ ከሁሉ የሚጨልመውንም ጥግ ያዘ። በሁለቱ መካከል ካሴቱን ደጋግሞ እያመላለሰ፣ ነጩ ሳይቃጠል ጥቁሩም ሳይዋጥ ሁለቱም የሚያልፉበትን ልክ ፈለገ። ቅጂው ደብዘዝ ያለ ሆነ። ዘመድ ተሰብስቦ ሲያይ ሁሉም የታላቁን ወደደ።

ብዙም ሳይቆይ ዴኩ ካሴቱን በላው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እናት ልጆቿን ጠርታ፦ «እናቴ ያን ማታ በዳሱ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ፎቶ የላትም፤ ፊቷን አውጡልኝ» አለች።

ታላቁ ፋይሉን ከፍቶ ጨለማውን አበራው። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ተለወጠ እንጂ ሰው አልወጣበትም። ወደ ቀትሩ ቢመለስም ከቀሚሱ ላይ ጥለቱም እጥፋቱም ጠፍቶ ያገኘው ባዶ ነጭ ነበር። ታናሹ በበኩሉ የራሱን ቅጂ ጨለማ ከፈት አደረገው። አያት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ብቅ አለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ግን እሷው ናት። እናት «እማዬ!» ብላ ስክሪኑን ዳሰሰች።

ታላቁ ክፉ አልነበረም፤ እናቱን ደስ ሊያሰኝ ነው የደከመው። ያጠፋው ሊያሳምር የፈለገበት ጊዜ ነው። በተለመደው 8 ቢት ቪዲዮ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይጻፋል። የቴሌቪዥኑ ደንብ ጥቁሩን 16 ላይ፣ ነጩን 235 ላይ ያስቀምጣል፤ ከላይና ከታች የቀረው መጠባበቂያ ነው። የቤት ካሜራ በፀሐይ የቀረጸው ነጭ ብዙ ጊዜ ከ235 ያልፋልና መጠባበቂያው ትልቅ ጥቅም አለው። የአያትየው ፊትና ከኋላዋ ያለው ጨለማ ወደ ኮምፒውተር ሲቀዱ አንድ ቁጥር ከተሰጣቸው ግን፣ የትኛውም ፕሮግራም ኋላ ሊለያቸው አይችልም።

ካሴቱ የመጣበት አገርም ልዩነት ያመጣል። በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት በኤንቲኤስሲ ነጩ 100 ሲባል ጥቁሩ 7.5 ላይ ይቀመጣል፤ እኛ ዘንድ በሚሠራበት ፓል ግን ዜሮ ላይ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ካሴት ይህን ልዩነት በማያስተካክል መሣሪያ ሲገለበጥ ጥቁሩ ግራጫ ሊሆን ይችላል። ይህ አያስደንግጣችሁ፤ ግራጫው ኋላ ይወርዳል። የሚያስፈራው ገና ሲቀዳ ድምቅ፣ ጥቁር ብሎ የሚያምረው ነው።

እንግዲህ እቤታችሁ የሠርግ፣ የክርስትና ወይም የልቅሶ ካሴት ያላችሁ፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ብሩሁንም ጨለማውንም ቦታ ፈልጋችሁ ልኩን በእነሱ ያዙ። ያልተነካውን ፋይል አስቀምጡ፤ የምታሳምሩት ሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። ለባለሙያ የምትሰጡ ከሆነም «ሳታሳምሩ እንዳለ ስጡኝ» በሉ፤ ካሴቱንም መልሳችሁ ተቀበሉ፣ አትጣሉት።