ከልጇ የማትለየውን እናት እናስባት



በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መርሁ ግልጽ ነው፤ ጉልበት ያለው ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ያለ ሥራ ይደገፋል። ታዲያ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ከአልጋ የማይነሳ ልጅ የምታሳድግ እናት ከየትኛው ወገን ናት? ክንዷ ጤነኛ ነው፤ ሆኖም ልጇን ማጉረስ፣ ማጠብና ማገላበጥ ቀኗን ይጨርሰዋል። እኔ ጉልበት እንደሌላት ትቆጠር እላለሁ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ጡት ላልጣለ ሕፃን ጭምር ከበይተል ማል ድርጎ ቆርጠዋል። የኡመውዩ ኸሊፋ ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክም ለሽባው አገልጋይ፣ ለዐይነ ስውሩ መሪ እንደመደቡ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የተንከባካቢው ድካም ዋጋ እንዳለው ያኔም ታውቋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41ም መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይደነግጋል።

ወገኖቼ! ዘካተል ፊጥር በዓመት አንዴ ነው፤ ልጁ ግን በየቀኑ ይበላል። ሱረቱ ተውባ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች ድሆችንና ምስኪኖችን አስቀድሟል። ስለዚህ የመስጊድ ኮሚቴዎች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን መዝግበው ወርኃዊ ድርጎ ይቁረጡላቸው። ክርስቲያን ጎረቤታችንም ብትሆን ከሰደቃው አትታለፍ።

አላህ ያግራልን።