የማታ ኩራዝ

አንድ የሽመና ቤት ባለቤት ነበሩ። ስምንት ሸማኔ ቀጥረው ያሠራሉ፤ ጋቢውን ሁሉ የሚረከባቸው አንድ የከተማ ነጋዴ ነው። በጥምቀት ማግስት ነጋዴው መጣና፣ «እስከ ፋሲካ የቻሉትን ያህል ያምጡልኝ። ከፋሲካ ወዲያ ግን ጋቢ መያዜን ትቻለሁ፤ ንግዴን ወደ ቡና አዙሬአለሁ» አላቸው። ባለቤቱ ሰምተው በሆዳቸው ያዙት።

ያንኑ ዕለት ስምንት ኩራዝ ገዝተው በየሽመናው ጉድጓድ አፍ አስቀመጡ። «ልጆቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእራት በኋላም እንሠራለን። የማታው ዋጋ የቀኑ አንድ ተኩል ነው» አሉ።

ሸማኔዎቹ ደስ አላቸው። ማታ የሚያሠራ ሰው ሥራ የተረፈው ነው ብለው ኑሯቸውን በዚያው ልክ አሰናዱ። አንደኛው በዱቤ ጊደር ገዛ። ሌላው ለልጁ ሰርግ ቀን ቆረጠ። ከሁሉም ታናሽ የሆነውን ደግሞ የአጎራባች ደብር አለቃ አስጠርተው፣ «የመቅደሱ መጋረጃ አርጅቷል፤ ዓመት የማይጨርሰው ሥራ አለንና ና» ቢሉት፣ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፤ ጋሼ ሥራ በዝቶባቸዋል። በዚህ ሰዓት ጥያቸው ብመጣ ነውር ነው» ብሎ ተመለሰ።

ሁዳዴው በኩራዝ ጭስ አለፈ። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ሲመላለስ ዶሮ ይጮህባቸው ነበር። ዓይናቸው ቀላ፣ ወገባቸው ጎበጠ፤ የጋቢው ክምር ግን ጣራ ነካ።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ባለቤቱ ሰበሰቧቸው። «ገበያው ሞቷል። ሁለታችሁ ትቀራላችሁ፤ ስድስታችሁን አሰናብቻለሁ» አሉና የእያንዳንዱን ሒሳብ ቆጥረው ሰጡ። ሳንቲም አላጎደሉም።

ታናሹ ብሩን ተቀብሎ ከቦታው አልተነሣም። የነጋዴው በቅሎ ነጂ ነገሩን ሹክ ብሎት ነበር።

«ጋሼ፣ ነጋዴው ጋቢ መተዉን የሰሙት በጥምቀት ማግስት ነው አሉ። ኩራዙን የገዙትም ያንኑ ቀን ነው።»

ባለቤቱ ተቆጡ። «ታዲያ ምን ጎደለብህ? ለማታው ከቀኑ አስበልጬ አልከፈልኩህም?»

«ከፍለውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ጋሼ፣ ያን ሁሉ ማታ ኩራዙን ለጋቢው አበሩለት እንጂ ለእኛ አላበሩልንም።»

ወደ ቤቱ ሲሄድ በደብሩ በኩል አለፈ። ከቅጥሩ ውስጥ የሌላ ሰው መወርወሪያ ይሰማ ነበር።

ምሳሌው ትርፍ ሰዓትን ለመኮነን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም ብሎ ይነሣል፤ ቀጥሎ በሩን በጠባቡ ይከፍታል። አሠሪው ሌላ መላ ሲያጣ፣ ያውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም በማይቋረጥ ሥራ ላይ የቀረ ሰው መተካት ሲኖርበት ማሠራት ይችላል። ልኩ በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ክፍያው ከመደበኛው 1.5 እጥፍ ይጀምርና በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ይደርሳል። ይኸው አዋጅ ሠራተኛ መቀነስንም ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከርንና የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠትን ያዛል።

እንግዲህ አዋጁ ለትርፍ ሰዓት ብር፣ ለቅነሳ ጊዜ ያስከፍላል። የሽመና ቤቱ ባለቤት ብሩን ከፍለው ጊዜውን አስቀሩ። ሠራተኛ የማታ ሥራ ሲታዘዝ የሚቆጥረው ብሩን ብቻ አይደለም፤ ነገም ሥራ አለ ማለት ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ያ ትርጉም ሐሰት መሆኑን እያወቀ ዝም ያለ አሠሪ የሰውየውን ጉልበት በዋጋው ገዝቶ፣ ሌላ እንጀራ የሚፈልግበትን ጊዜ በነጻ ወስዶበታል።

የመጨረሻውን ትእዛዝ ማታም ቢሆን ማሠራት ይቻል ይሆናል። የመጨረሻ መሆኑን ግን ኩራዙ ሳይለኮስ መናገር ነው። ያን ጊዜ ጊደር የሚገዛው ደግሞ ያስባል፤ ደብር የተጠራውም ይሄዳል።