«ተቀመጪ እማዬ»



እናቴ ከአገር ቤት እኛ ዘንድ ስትመጣ «በቃ፣ ደክማለች፤ ትረፍ» ተባባልን። ዘንቢሉን ከእጇ ተቀበልን፣ ቡናውን እኛ አፈላን፣ ውሃውንም ከተቀመጠችበት አቀረብንላት። ለወላጅ በጎ መዋል ይህ ነው ብለን ተደሰትን። በሁለተኛው ዓመት ከሱጁድ መነሳት አቃታትና ወንበር ላይ መስገድ ጀመረች።

ሐኪሙ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር አምስት ጊዜ እንድትነሳ ጠየቃት። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ የጡንቻ ድክመት ምልክት ነው። እሷ ሦስተኛው ላይ አቃታት።

ይህ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የጡንቻ መሳሳትና መድከም ሳርኮፔኒያ ይባላል። ጡንቻው የሳሳ አዛውንት ይወድቃል፣ ይሰበራል፣ አልጋ ላይ ይውላል፤ አልጋ ላይ መዋሉ ደግሞ ይበልጥ ያደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ የእጅ የመጨበጥ ጉልበት በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የኛ ነው።

ሰበቡም አለ። በ1990 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት አነሱ፤ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ታዲያ እኔ ከእናቴ ላይ ያነሳሁት ሸክሟን ነበር ወይስ ጉልበቷን? እውነቱን ልናገር፤ «ተቀመጪ እማዬ» ያልኳት ሁልጊዜ ለእሷ ብዬ አልነበረም። ሽንኩርቱን ቀስ ብላ ስትከትፍ መጠበቅ ይሰለቸኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣም «እናታቸውን ያሠራሉ» እንዳንባል እፈራለሁ። ሱረቱል ኢስራእ ለወላጅ «ኡፍ» ማለትን እንኳ ይከለክላል። በአፌ አላልኩም፤ ጥድፊያዬ ግን ይለው ነበር።

ይህን ስል ሽማግሌን በግድ እናሠራ ማለቴ አይደለም። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ መስገድ የአላህ እዝነት ነው። ግን ጠይቀናት እናውቃለን? ስጠይቃት «ልጄ፣ ቆሜ መስገድ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

አሁን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያዘዘችላትን ትሠራለች፤ ከወንበር ስትነሳ እኔ አጠገቧ ቆሜ እቆጥራለሁ። እንቁላሉና ምስሩም ከምግቧ አይጠፋም። ሱብሒን ቆማ ትሰግዳለች፤ ዙህር ላይ ሲደክማት ትቀመጣለች። ቡናውን ራሷ ታፈላለች፤ እኔም መጠበቅን እየተማርኩ ነው።

አላህ ወላጆቻችንን በዐፊያ ያቆይልን፤ ለእኛም ሰብሩን ይስጠን። አሚን።