የሰው ዋጋ በነጥብ ሲመዘን

ሰው ትምህርት ቀስሞ ሙያ ከያዘ በኋላ ያሳደገውን ምድር ለዘለዓለም ትቶ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፥ ይህ በደል ነውን? ወይስ በመብቱ መጠቀም ብቻ ነው? ይህ ጥያቄ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ በቦረና ደጋ በመካነ ሰላም ከተማም ይነሣል። ነርሱም መሐንዲሱም የሒሳብ መምህሩም የሥራ ልምድ ወረቀቱን እያስተረጐመ፥ ለእንግሊዝኛ ፈተና ገንዘብ እያጠራቀመ፥ ዕድሜውን ከነጥብ ጋራ ሲያስተያይ ይገኛል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ካናዳ ሊሰፍርባት የሚመጣውን የውጭ አገር ሰው በነጥብ መመዘን የጀመረችው በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አውስትራልያና ኒውዚላንድ፥ በኋላም ብሪታንያ ይህንኑ መንገድ እንደየራሳቸው አኳኋን ተከትለዋል። በካናዳ ለባለሙያ ሠራተኞች በወጣው ሠንጠረዥ ለቋንቋ እስከ 28፥ ለትምህርት እስከ 25፥ ለሥራ ልምድ እስከ 15፥ ለዕድሜ እስከ 12፥ አስቀድሞ ለተገኘ ሥራ 10፥ ከአገሩ ኑሮ ጋራ ለመስማማት ችሎታ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከመቶው 67 ያላገኘ ይወድቃል፤ ያገኘውም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከሌሎች አመልካቾች ጋራ በደረጃ ተሰልፎ እስኪጠራ ይጠብቃል። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ዕድሜ በየዓመቱ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። እኔ ራሴ በዚህ ሚዛን ብወጣ ለዕድሜዬ 12፥ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴ 5 አገኝ ነበር፤ የቀረውን አንባቢ ይገምተው።

ይህን ሚዛን ከሚረግሙት ወገን አይደለሁም። ከእርሱ በፊት ካናዳ ሰውን ትመርጥ የነበረው በዘሩና በትውልድ አገሩ ነበር፤ ነጥቡ ግን የቆዳን ቀለም አይጠይቅም። ዲቪ የሚባለው ዕጣም ቢሆን ለዕድል እንጂ ለድካም ዋጋ አይሰጥም። ሰውን በሚያውቀው መመዘን ከእነዚህ ይሻላል። ሆኖም ሚዛኑ የሚመዝነው ለተቀባዩ የሚጠቅመውን ብቻ ነው፤ የሚመዘነውን ሰው ያበቃው ማን እንደ ሆነ አይመለከትም።

የዕዳው ነገር የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝም ከፍሎ ይጨርሳል። እንግዲህ የተጠየቀውን ከፍሎ መልቀቂያውን የያዘ ሰው ዕዳ የለበትም ሊባል ይቻላል። በውሉ ረገድ እውነት ነው። ነገር ግን በወሎ ደጋ ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ ነገር ነው። የቆሎ ተማሪ ዳባውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቦ፥ ዘመድ በሌለው መንደር በየደጁ ሲለምን ባለቤቲቱ ከልጆቿ ጉርሻ ቀንሳ ትሰጠው ነበር። ደረሳውም ሼሁን ፍለጋ አገር አቋርጦ ሲመጣ መንደሩ እንዲሁ ይመግበው ነበር። ያች ሴት የሰጠችውን እንጀራ መልሼ እቀበላለሁ ብላ አታስብም፤ ተማሪውም ለእርሷ መልሶ አይከፍልም። የሚከፍለው መሪጌታ ወይም ሼህ ሆኖ በሌላ መንደር የሌላ ሴት ልጅ ሲያስተምር ነው። ይህ ዕዳ በገንዘብ የማይዘጋው ስለዚህ ነው፤ አበዳሪው አንድ ሰው አይደለምና። በእኔ አሳብ የዛሬው ነርስ ዕዳም ከዚህ ወገን ነው፤ ሐኪም ቤት ደጅ ሳትደርስ በኖረች ገበሬ ግብር ተምሯልና።

ይህን ስል ግን ሰውን በዕዳ ማሰር ይገባል ማለቴ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ደንግጓል። ደግሞም የባለሙያው ኑሮ ይታይ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ማነስ ምክንያት ሥራ አቁመው ነበር፤ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የተነሣው ግጭትም በብዙ ወረዳ መንገድ ዘግቷል፥ መድኃኒትም አስቀርቷል። ጓንትና መርፌ ያላቀረበለት ቢሮ «አገርህን ውደድ» ብሎ ቢመክረው ምክሩ ጆሮ አያገኝም። ስለዚህ ዕዳው አለ እላለሁ፤ ዕዳውን የመጠየቅ ሥልጣን ግን ለሁሉ የተሰጠ አይመስለኝም። ገበሬዪቱ ብትጠይቀው መልስ ያጣል፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ግን ከመጠየቃችን በፊት የራሳችንን ጠረጴዛ ማየት አለብን።

አንዳንዶች በዚህ ክርክር የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ያነሣሉ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እንግሊዞች ሕፃኑን አንሥተው ወሰዱት፤ በህንድ አገር አድጎ ሕክምና ተማረ፤ ከዓድዋ ድል በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ ሕዝቡን አከመ። ታሪኩ የሚያኮራ ነው። በመቅደላ አምባ ስም የተጠራው ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ በመካነ ሰላም ስላለው የዚያ ተማሪ ሊያውቀው ይገባል። ነገር ግን ልጅ ሳለ ሳይጠየቅ የተወሰደን ሰው፥ አስቦና ቈርጦ ለሚሄድ ሰው ጅራፍ ማድረግ ልክ አይመስለኝም።

ይልቅስ ተቀባዩም ይጠየቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ባለጠጎቹ አገሮች የጤና ባለሙያ ከጐደለባቸው አገሮች ሠራተኛ ከመመልመል እንዲቆጠቡ አሳስቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዝርዝርም ኢትዮጵያ አለችበት። ደንቡ ግን በፈቃድ የሚፈጸም ነው፤ በራሱ ፈቃድ የሚያመለክተውንም አያግድም። ከላይ ያነሣሁት ሠንጠረዥ በካናዳ ለሚኖር የቅርብ ዘመድ አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ በሳይንት ወይም በወግዲ ስለሚቀሩት ወላጆች የሚጠይቅ መሥመር ግን የለውም። የተማረ ነርስ ያለ አንዳች ወጪ የሚረከብ መንግሥት፥ በእርሱ ምትክ ሌላ አንድ የሚማርበትን ዋጋ ደሴ ላለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቢከፍል ሄያጁም በሰላም ይሄዳል፥ የመካነ ሰላም ሆስፒታልም ባዶ ወንበር አይታቀፍም። ይህን በውል አስፍሮ መደራደር የውጭ ጉዳይና የጤና መሥሪያ ቤቶቻችን ሥራ ነው።